ሁሉም ይሄዳል፤ ጉዳዩ ማቆሙ ላይ ነው

(ደሴ ላይ ለሾፌሮችና ለመንጃ ፈቃድ ተማሪዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ።)

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ?

ከኋላ ይሰማል? ይሰማል? አብሽሩ፣ እንጀምር።

አባቶች፣ ለምርቃታችሁ አሜን ብያለሁ። እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የባጃጅ ልጆችም የፊቱን ወንበር ይዛችኋል። መንገድ ላይም ልማዳችሁ ይኸው ነው፤ ክፍተት ካያችሁ መግባት! (ሳቅ)

አዘጋጆቹ ደውለው «በበረዶ ላይ ስለ መንዳት ንገረን» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሾፌር ስለ በረዶ? ሰው ምን ይለኛል? በኋላ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት ወጣቶች ውስጥ መንጃ ፈቃድ የምታወጡት ካናዳ ወይ ስዊድን ወይ አሜሪካ ያለ ዘመድ «ና» ብሏችሁ የሆነ አላችሁ። እዚያ ስትደርሱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታገኙት ሥራ መሪ የሚያስይዝ ነው። ሁለተኛ፣ እኛም ጋ በረዶ አለ። ክረምት ላይ ሐረጎን፣ ያንን በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ያለውን ቁልቁለት፣ ሲወርድ በረዶ የጣለበት ሰው እጁን ያውጣ። አያችሁ? ግማሹ አዳራሽ።

ለማያውቀኝ ሰው ትንሽ ልበል። የደሴ ልጅ ነኝ። አጎቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ነው የሚነዳው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ይዞኝ ይወርዳል። ሥራዬ ታኮ ማስገባት ነበር። ዳገት ላይ ሲቆም ዘልዬ ወርጄ እንጨቷን ከጎማው ኋላ እሸጉጣለሁ። በኋላ ዕጣዬ ካናዳ አደረሰኝ። ካልጋሪ በምትባል ከተማ ተቀምጬ በሮኪ ተራሮች በኩል ወደ ምዕራብ ጠረፍ ከባድ መኪና ነዳሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ትገረማላችሁ። እዚያ ሾፌር የሚፈራው የተራራ መተላለፊያ ኪኪንግ ሆርስ ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ነው? 1,627። ኮምቦልቻ ስንት ናት? 1,850 ገደማ። አዎ፣ እነሱ ተራራ ብለው የሚፈሩት ከኮምቦልቻ ሜዳ ይዘቀዝቃል! ደሴማ 2,500 አካባቢ ናት፤ ጭራሽ ሌላ ዓለም። ልዩነቱ የከፍታ ሳይሆን የቦታ ነው። እኛ ከምድር ወገብ በ11 ዲግሪ ላይ ነን፣ እነሱ በ51። ስለዚህ «ሐረጎን የነዳ ሰው ምን ይፈራል» ብሎ የሚሄድ ወጣት አለ፤ ሐረጎ መሪና ማርሽ ያስተምርሃል፣ እዚያ የሚጠብቅህን ግን አያስተምርህም።

ዛሬ አራት ነገር እላለሁ። በረዶ ጎማን ምን እንደሚያደርገው፤ የመኪና ዓይነት ምን እንደሚለውጥና ምን እንደማይለውጥ፤ መኪና ሲንሸራተት እጅና እግር ምን እንደሚሠሩ፤ መጨረሻ ላይ ወደዚያ አገር ለሚሄዱ ትንሽ ምክር። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ። ሰው የሚሞትበት እሱ ላይ ነው።

አንደኛው። መኪና መንገድን የሚነካው የት ላይ ነው? ጎማው ላይ። ከጎማውስ ምን ያህሉ ነው መሬት የሚነካው? የትንሽ መኪና ከሆነ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ። መኪናውን የሚያስኬደው፣ የሚያዞረው፣ የሚያቆመው ያቺ ናት። ሌላ የለም። ያቺ ቦታ መንገዱን የምትይዝበት አቅም ደግሞ ልክ አለው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለ 100 ብር ነው በሉት። ፍሬን ስትይዝ ከ100ው ታወጣለህ። መሪ ስታዞር ታወጣለህ። ነዳጅ ስትሰጥም ታወጣለህ። ደረቅ አስፋልት ላይ 100 ብሩ ይበቃል፤ መዞሪያ ላይ ፍሬን ብትረግጥ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፍሃል። በረዶ ላይ ግን ኪስህ ያለው 15 ብር ነው። 15ቱን ፍሬን ላይ ከጨረስክ ለመሪው ምን ቀረ? ምንም። መሪውን ታዞራለህ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ይህ ዝም ብሎ ወሬ እንዳይመስላችሁ ቁጥር ልስጣችሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ብትይዝ 20 ሜትር ገደማ ሄደህ ትቆማለህ። ጠጣር በረዶ ላይስ? ወደ 140 ሜትር። 140! ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። በ40 ስትሄድ ደረቁ ላይ 9 ሜትር ነው፤ በረዶው ላይ ከ60 በላይ። ይህ እንግዲህ እግርህ ፍሬኑን ከረገጠ በኋላ ያለው ነው። አይተህ እስክትረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅብህ፣ በ60 እየሄድክ 17 ሜትር አልፈሃል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መቆሚያው እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል።

አንድ ነገር አስተውሉ። በዚህ ስሌት ውስጥ የመኪናው ክብደት አልገባም። «የኔ መኪና ከባድ ናት፣ መሬት ቆንጥጣ ትይዛለች» የሚል ሰው ይሰማኛል። ክብደቱ ጎማውን መሬት ላይ ይጫነዋል፣ እውነት ነው። ያው ክብደት ግን «አልቆምም» ብሎ ወደ ፊት ይገፋል። ሁለቱ ይጣፋሉ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ከሁሉም በረዶ የሚያንሸራትተው የትኛው ነው? በጣም የቀዘቀዘው? አይደለም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ ደረቅ ነው፤ ጎማ በመጠኑም ቢሆን ይይዘዋል። ገዳዩ ዜሮ አካባቢ ያለው ነው። ላዩ መቅለጥ ጀምሮ ስስ ውሃ ይለብሳል። አሁን የእኛን በረዶ አስቡት። ሐምሌ ላይ ሐረጎ የሚወርደው በረዶ አስፋልቱን ሲነካ ጀምሮ እየቀለጠ ነው። ከላዩ ውሃ፣ ከሥሩ ውሃ፣ መሐሉ ድቡልቡል በረዶ። ዕድሜው ሩብ ሰዓት ላይሞላ ይችላል። በዚያች ሩብ ሰዓት ግን እነሱ ከሚፈሩት የከፋው ዓይነት ላይ ነው የምትነዱት። ያውም በቁልቁለት፣ ያውም ለበረዶ ባልታሰበ ጎማ። ጎማው ሊሾ ከሆነ ደግሞ ምን ልበላችሁ? ሊሾ ጎማ ተራ ዝናብም አይችልም።

ሁለተኛው ነገሬ። የመኪና ዓይነት። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ለበረዶ የትኛው መኪና ይሻላል?» ብሎ ነው። መልሴ አንድ ነው። የመኪና ዓይነት የሚለውጠው አነሳሱንና አንሸራተቱን ነው። አቋቋሙን አይለውጥም። እያንዳንዱ መኪና ሾፌሩን የሚያታልልበት የራሱ ዘዴ አለው። የራሳችሁን መኪና ዘዴ ካወቃችሁ ይበቃል።

ከትንሿ እንጀምር። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ የመሳሰሉት። እነዚህ በፊት ጎማቸው የሚጎተቱ ናቸው። ሞተሩ የተቀመጠው ከሚጎትተው ጎማ ላይ ስለሆነ ይጫነዋል። በረዶ ላይ ሲነሱ ጎበዞች ናቸው። ዳገትም ይወጣሉ። ታዲያ ማታለያቸው ምንድን ነው? የፊት ጎማው ይጎትታል፣ እሱው ያዞራል፣ ከፍሬኑም አብዛኛው የእሱ ነው። 15 ብሩን በሦስት ይካፈለዋል። መዞሪያ ላይ ፈጠን ብለህ ስትደርስ መኪናዋ አልዞርም ትላለች፤ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሾፌር ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? መሪውን ይብስ ያዞራል። አይረዳም። እግርህን ከነዳጅ አንሳ፣ መሪውን እንደውም ትንሽ መልስ፣ ጎማው እስኪይዝ ጠብቅ። ሲይዝ ይዞራል። ጥበቃው አንድ ሰከንድ ነው፤ የዓመት ያህል ይረዝማል።

ቀጥሎ በኋላ ጎማ የሚገፉት። ዶልፊኑ፣ አባዱላው፣ ፒክአፑ፣ ባጃጁም። ሚኒባስ ሞተሩ ከጋቢና ወንበር ሥር ነው፤ የሚገፋው ግን የኋላው ጎማ ነው። ተሳፋሪ አውርዶ ባዶውን ሲመለስ ኋላው ይቀላል። ፒክአፕም እንዲሁ፤ ባዶ ከሆነ ጭነት ያልያዘ ጅራት ነው። ካናዳ ውስጥ ክረምት ሲገባ ፒክአፕ ያለው ሰው ከኋላ፣ ጎማው ላይ የአሸዋ ጆንያ ይጭናል። ክብደቱ ይረዳዋል፤ ከተያዘም አሸዋውን ጎማው ሥር ይበትነዋል። የእነዚህ ጠባይ ጅራታቸው መቅደም መፈለጉ ነው። ነዳጅ በድንገት ስትሰጥ ወይም ማርሽ በኃይል ስትቀንስ ኋላው ይወጣል።

ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ እየወጣሁ ነበር። ሐረጎ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጠቆረና በረዶው ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ አጠገብህ ያለ ሰው ሲናገር አይሰማም። አስፋልቱ በአንዴ ነጣ። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ሃያዎቹ ውስጥ። ምን አደረገ? ፍሬን አልነካም። እግሩን ቀስ ብሎ አነሳ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበር፣ እዚያው ተወው። ፍሬቻውን አብርቶ ሰፊ ቦታ እስኪያገኝ በእግር መንገድ ፍጥነት ሄደ፤ ከመዞሪያው አልፎ፣ ከገደሉ በተቃራኒ ግድግዳው ጥግ ይዞ ቆመ። ረዳቱን «ታኮ» አለው። ታኮ! ስንት ዘመን ሆነኝ ያቺን ቃል ከሰማሁ። ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ ሂድ፣ ለትንሽ በረዶ ነው እንዴ፣ ቀጠሮ አለብኝ» ይላል። ልጁ ዞር ብሎ አላየውም። በረዶው አቆመ፣ ቀለጠ፣ ጉዞ ቀጠልን። እኔ ስሙን አልጠየቅሁትም፤ እዚህ አዳራሽ ካለ ግን ሻይ አለብኝ።

ተሳፋሪዎችም አላችሁ እዚህ። «ሂድ» የምትሉት እናንተ ናችሁ። ሾፌር በረዶ ላይ ሲቆም ዝም በሉ። እባካችሁ።

ስለ ባጃጅ አጭር ነገር ልጨምር፤ ልጆቹ ቅር እንዳይላቸው። የደሴ ኮብልስቶን ሲረጥብ ያንሸራትታል። ቁልቁለቱን ታውቁታላችሁ። ባጃጅ ከፊት አንድ ጎማ ነው ያላት። መዞሪያ ውስጥ ከገባህ በኋላ ፍሬን አትያዝ፤ ከመግባትህ በፊት ጨርስ። እየዞርክ የያዝክ ቀን ወይ ትንሸራተታለህ ወይ ትገለበጣለህ። ከበጋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ለወራት የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃ ጋር ሲላቆጥ መንገዱ ሳሙና ይሆናል። ግማሽ ሰዓት በደንብ ካጠበው በኋላ ይሻላል።

አሁን ወደ ትልቁ አታላይ መጣን። ፎር ዊል! እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ላንድክሩዘር የያዘ ሰው ራሱን ከሌላው ሾፌር ጋር እኩል ያያል? አያይም። አራቱም ጎማ ሲገፋ ከጭቃ ይወጣል፣ ከበረዶ ይወጣል፣ ዳገት ይወጣል። ታዲያ ፎር ዊል ያልሆነው መኪና ፍሬን ሲይዝ ስንት ጎማው ነው የሚይዘው? እሱም አራቱም! ፎር ዊል ለማስነሳት ነው። ሲቆም ከቪትዝ የሚለየው ነገር የለም። የለም!

ካልጋሪ ውስጥ ቺኑክ የሚባል ነፋስ አለ። ከተራሮቹ የሚወርድ ሞቃት ነፋስ ነው። ጠዋት አፍንጫህን ሲቆነድድህ የነበረው ብርድ ከሰዓት ላይ ይጠፋል፤ በረዶው ይቀልጣል፤ ሰው ኮቱን አውልቆ ይሄዳል። ማታ ግን ያ ውሃ መንገዱ ላይ ተመልሶ ይጋገራል። ስስ ነው፣ መልክ የለውም፤ ከሥሩ አስፋልቱን ጥቁር አድርጎ ያሳይሃል። እርጥብ መንገድ ይመስልሃል። ድልድይ ላይ ደግሞ ቀድሞ ነው የሚጋገረው፤ ከሥሩም ከላዩም አየር ስለሚያቀዘቅዘው። ከቺኑክ በኋላ በነጋታው ጎህ ሲቀድ ወደ ተራራው ስወጣ ቦዩ ውስጥ የወደቁትን መኪኖች አያለሁ። የትኞቹ ይመስሏችኋል? ትንንሾቹ? ብዙዎቹ ፎር ዊል ናቸው! የመኪና ጎታቹ ሰውዬ አንዱን ሲጎትት ቆሜ አየሁት። የተጎታቹ ባለቤት ብርድ ልብስ ተከናንቦ መንገድ ዳር ቆሟል። ምንም አልሆነም፣ አልሐምዱሊላህ። «ጥሩ ይዞ ነበር እኮ፣ ጥሩ ይዞ ነበር» ይላል ደጋግሞ። አዎ፣ ሲነሳ ጥሩ ይዞ ነበር። ችግሩ እሱ ነው። ትንሿ መኪና ስትነሳ ጎማዋ ፈር ፈር ሲል «ተጠንቀቅ» ትልሃለች። ፎር ዊሉ ይህን ማስጠንቀቂያ ይሰርቅሃል። መጀመሪያ የምታውቀው ፍሬን ስትይዝ ነው።

አራተኛው ዓይነት የኔ ነው፤ ከባዱ። ደረቅ ወደቡ የሚመላለሱ የተሳቢ ሾፌሮች አላችሁ አይደል? ለእናንተ ነው። ባዶ ተሳቢ ከጫነው ይብሳል። ፍሬኑ የተሠራው ለሙሉ ጭነት ነው፤ ባዶ ሲሆን ጎማው ቶሎ ይቆለፋል። የተቆለፈ ጎማ ደግሞ አቅጣጫ የለውም። ሳቢው ቆሞ ተሳቢው ሲቀጥል መሐሉ ላይ ይታጠፋል። አንዴ መታጠፍ ከጀመረ አበቃ።

የሞተር ፍሬን ደረቅ ቁልቁለት ላይ ነፍስ አድን ነው። ሐረጎን የሚወርድ ሾፌር በማርሽ ይዞ እንጂ ፍሬን እያጋለ እንዳይወርድ ከአጎቴ ጊዜ ጀምሮ የሚነገር ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሰው ደግሞ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ፣ ስንት ብር እንደሚቆጥብ ቁጭ ብሎ ያስላ፤ እኔ አልናገርም። በረዶ ላይ ግን የሞተር ፍሬን የሚይዘው የሚገፋውን ጎማ ብቻ ነው። በኃይል ከያዘ ያንን ጎማ ይቆልፈዋል። ስለዚህ የሚያንሸራትት መንገድ ላይ የሞተር ፍሬኑ ይጠፋል። ትንሽ ማርሽ ግን ከቁልቁለቱ በፊት፣ ሜዳው ላይ እያለህ ይገባል። ቁልቁለት ውስጥ ከገባህ በኋላ ማርሽ መፈለግ የለም።

እዚያ ሌላም ሥራ አለ። ሰንሰለት። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሕግ ከባድ መኪና በእነሱ አቆጣጠር ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 በተራራ መንገዶቹ ላይ ሰንሰለት ይዞ እንዲሄድ ያስገድዳል። ምልክቱ «እሰር» ሲል ትወርዳለህ። ሌሊት ነው። ነፋሱ ከጎን በረዶ ይረጭብሃል። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ትዘረጋዋለህ፤ አንድ ቀለበቱ ከዞረ እንደገና ትዘረጋዋለህ። ጎማው ላይ ትወረውረዋለህ። ከዚያ በደረትህ ተኝተህ ከጎማው ኋላ ያለውን መንጠቆ በዳበሳ ትፈልጋለህ። በጓንት አይያዝም፤ ጓንት አውልቀህ ብረቱን ትይዛለህ። እኔ ባቲ ላይ ብረት ሲያቃጥል ነው ያደግሁት። እዚያ ብረት ይነክሳል፤ የረጠበ ጣት ከያዘው አይለቅም። አጥብቀህ ትነሳለህ፣ ጥቂት ሜትር ትሄዳለህ፣ ወርደህ እንደገና ታጠብቃለህ። ምክንያቱም ጎማው ሲዞር ሰንሰለቱ ይላላል፤ የላላ ሰንሰለት ጭቃ መከላከያውን ይበጣጥሰዋል። ከዚያ በኋላ ከ50 በላይ አትነዳም።

ሮጀርስ ፓስ በሚባለው መተላለፊያ ደግሞ መንገድ ይዘጉና ወታደሮች በመድፍ ተራራውን ይመቱታል። የተከመረው በረዶ ራሱ ተንዶ ሰው ላይ ከመውደቁ በፊት እነሱ አስቀድመው ይንዱታል። መድፍ ስል አንዳንዳችሁ ፊታችሁ ተለወጠ። አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ቤቴ ነው ትዝ ያለኝ። እንለፈው።

ሦስተኛው ነገሬ እጅና እግር ነው። ኋላው ሲወጣ ፍሬን አትርገጥ። እግርህን አንሳ፣ መሪውን መሄድ ወደምትፈልግበት አዙር፣ ዓይንህም እዚያው ይሁን። ገደሉን ያየ ሰው ወደ ገደሉ ይነዳል፤ እጅ ዓይንን ነው የሚከተለው። ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ያለው መኪና ከሆነና ፍሬን የግድ ካስፈለገህ ረግጠህ ያዝ፤ አትልቀቅ። ፔዳሉ እግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅም ያሰማል። ተበላሸ ብለህ እንዳትለቅ፤ ሥራው ነው። ኤቢኤስ የሌለው አሮጌ አይሱዙ ከሆነ ደግሞ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። ሁለቱን አታምታቱ። የምትነዳው መኪና የትኛው እንደሆነ ዛሬ ማታ እወቅ፤ ቁልፉን ስትከፍት ዳሽቦርዱ ላይ ኤቢኤስ የሚል መብራት በርቶ ይጠፋል። ካልበራ የለውም፣ ወይም አምፖሉ ተነቅሏል።

ይህን ሁሉ በወሬ አይማሩትም። እኔን ያስተማረኝ የሥራ ባልደረባዬ የሆነ ፊሊፒናዊ ነው። እሑድ ጠዋት ባዶ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ወሰደኝ። አምፖልም ምሰሶም የሌለበት ጥግ መረጠ። «20 ሂድና በሙሉ ኃይልህ ርገጥ» አለኝ። ረገጥኩ። መኪናው ሄደ። ሄደ። ዝም ብሎ ይሄዳል! እሱ ተደግፎ ቡና ይጠጣል። «አሁን እየዞርክ ርገጥ» አለኝ። እስከ ምሳ ድረስ አዟዟረኝ። ስዊድንና ኖርዌይ ውስጥ ይህ በሕግ ነው፤ ለዚያ በተሠራ ሜዳ ላይ ተንሸራትቶ ያልተማረ ሰው መንጃ ፈቃድ አያገኝም። እኛስ? ተማሪዎች፣ ማሠልጠኛ ውስጥ በምሰሶ መሐል ወደ ኋላ መግባት ተማራችሁ። መኪና አንድ ቀን እንኳ እያወቀ ያንሸራተተ ተማሪ አለ? አንድ? የለም። አሠልጣኞች፣ ይሄ የሚጠይቀው ዝናብ የጠጣ ሰፊ ባዶ ሜዳ ነው። 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በቂ ነው። ወጪው ጥቂት ሊትር ነዳጅ ነው። ሜዳውን ፈልጋችሁ ጀምሩት፤ እኔ እዚህ እስካለሁ ድረስ በነፃ መጥቼ እቆማለሁ።

አራተኛውን ቶሎ ልጨርሰው፤ ሰዓት ሄዷል። ወደዚያ የምትሄዱ ልጆች፣ መጀመሪያ የምትገዙት ጎማ ይሁን። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃል፤ የብርድ ጊዜው ጎማ ላስቲክ ግን ለስላሳ ነው። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምልክት አለው። ኩቤክ ውስጥ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ይህን ጎማ ካላሰርክ ትቀጣለህ። አራቱንም ቀይሩ፤ ሁለት ብቻ ቀይሮ የሚነዳ ሰው ግማሽ መኪና ነው የቀየረው። መኪና ውስጥ አካፋ፣ ብርድ ልብስ፣ አሸዋ። በረዶ ውስጥ ተይዛችሁ ለሙቀት ሞተር ካስነሳችሁ፣ መጀመሪያ ወርዳችሁ የጭስ ማውጫውን ጥረጉ። ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በውስጡ ያለው ገዳይ ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ይወስዳችኋል፣ አትነቁም። ይህን ለእናቶቻችሁም ንገሩ፤ ስልክ ሲደውሉ «ጠረግህ ወይ?» ይበሏችሁ።

እዚህ ላላችሁትም ያው ምልክት ይጠቅማል፤ በሌላ በኩል። ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ መኪና ወይም ጎማ ስትገዙ ጎኑን እዩ። ያ የተራራ ምልክት ካለበት የብርድ ጎማ ነው። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ጋል ባለ አስፋልት ላይም ፍሬኑ ይረዝማል። ከዚያው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ። ሻጩ «አዲስ ነው» ሲላችሁ ቁጥሯን አንብቡለት።

አንድ ነገር ሆን ብዬ ወደ ኋላ አስቀርቻለሁ። ኤሌክትሪክ መኪና። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሆነዋል፤ በር ላይም ሦስት ቆመው አይቻለሁ። እነዚህ በባትሪው የተነሳ ከባድ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደግሞ ሳይውል ሳያድር እግርህ ሥር ነው። የሚያንሸራትት መንገድ ላይ ፔዳሉን በጣት እንደሚነካ አድርጋችሁ ንኩ። እግርህን ስታነሳ ራሱ ይይዛል፤ ኃይል ወደ ባትሪው እየመለሰ። ያ አያያዝ በሚገፋው ጎማ ብቻ ነው፤ ቅድም ስለ ሞተር ፍሬን ያልኩት ለዚህም ይሠራል። በረዶና ዝናብ ሲሆን መጠኑን ቀንሱት፤ ማስተካከያው አለው።

ደሴ ለሚያድሩ ደግሞ ለብቻው። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ባትሪው 100 ሆኖ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳላችሁ። የሞላ ባትሪ ኃይል አይቀበልም። ኃይል ካልተቀበለ ያ የለመዳችሁት አያያዝ ወይ ይደክማል ወይ ጭራሹን ይጠፋል። እግራችሁን ታነሳላችሁ፤ መኪናው ይንደረደራል። ቁልቁለቱ ላይ ያለው ፍሬን ብቻ ሆነ ማለት ነው፤ 600 ሜትር ከፍታ በላይ በፍሬን ብቻ። ስለዚህ 85 ላይ ንቀሉት። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ባትሪው ራሱ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ጨርሻለሁ። ጥያቄ? እዚያ ከኋላ እጁን ያነሳው ወንድሜ፣ ማይኩን አሳልፉለት። ቀጥሎ እትዬ፣ እርስዎ።